ለቲቸር የምትሆን ዘንዶ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርትሁን፣

ለአንተም ለባለቤትህ ለካሰችም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ ከዓምናው ብሶበታል።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። ዘንዶ ማሳደግ እፈልጋለሁ። ትኩሳት የለኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ አእምሮዬም በቦታው ነው። እንዲህ በትሕትና ከምትጠይቀኝ በቀጥታ «ቲቸር፣ አብደዋል ወይ?» ብትለኝ አልቀየምህም ነበር።

ነቀምት ሃያ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የእባብን መንጋጋ በጠመኔ ስንቴ ሣልኩት? አንተ ራስህ ከፊት ወንበር ተቀምጠህ ገልብጠኸዋል። በእጄ ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጄ ተናኘወርቅ በጠዋት ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን እየጮኸች ታወራኝ ነበር። አሁን ደክሟት ትታዋለች። ፈገግ ትልልኛለች፣ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፣ ከዚያ ቲቪ ፊት ትቀመጣለች። አልፈርድባትም።

ብቸኝነቴ አሳዝኗት «እማዬ፣ ወፍ ልግዛልሽ» አለችኝ። ዜማዋን የማልሰማት ወፍ ምን ታደርግልኛለች? ድመት እንዳላመጣ የእሷ ደረት አይችልም፤ አስሟ ይነሳባታል። ውሻ ቢጮህ እኔ ባልሰማ ጎረቤት ይሰማል። ዘንዶ አትጮህም፣ እኔም አልሰማም፤ ማንም ማንንም አያስቀይምም።

ከሜትሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ ባለው የእንስሳት መደብር አንዲት ቡናማ ነጥብ ያላት ቢጫ የዘንዶ ጫጩት አይቻለሁ። ሻጩ በወረቀት «ለጀማሪ ተስማሚ፣ ብዙ አታድግም» ብሎ ጻፈልኝ። አንተ በእንስሳት መደብር ስትሠራ ሦስተኛ ዓመትህ ነውና ምከረኝ። ስልክ አትደውልልኝ፤ ጻፍልኝ። በጽሑፍ ደንቆሮ አይደለሁም።

መምህርትህ የዓለምዘርፍ


አሌክሳንድሪያ፣ መስከረም 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር፣

እንዴት ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የምሠራበት ፎልስ ቸርች ከተማ ያለው ስቶር ሺፕመንት ስለገባለት ኦቨርታይም ላይ ነበርኩ። ስለ አእምሮዎ የጠየቅኩትንም ይርሱልኝ፤ ካሰችም ተቆጥታኛለች።

ያችን ቢጫዋን አይግዟት። የበርማ ዘንዶ ናት። ዛሬ እንደ ጫማ ማሰሪያ ብትታይዎ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአልጋዎ ትረዝማለች፤ ምግቧን ለመስጠትም ሁለት ጉልበተኛ ሰው ያስፈልጋል። «ብዙ አታድግም» ያለዎት ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሊሸጥ ነው።

ለእርስዎ የምትሆነው ቦል ፓይተን የሚሏት ትንሿ የአፍሪካ ዘንዶ ነች። ስትፈራ ራሷን መሃል ደብቃ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች፤ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። ብታድግ ብታድግ አንድ ሜትር ተኩል ነች። ችግሩ፣ አብዛኞቹ ከዱር ተይዘው በጆንያ የሚመጡ ናቸው። መዥገር የተጣበቀባቸው፣ የደነገጡ፣ ምግብ እምቢ ብለው ወራት የሚቆዩና የሚሞቱ ናቸው። እርስዎ የሚፈልጉት እዚሁ ሰው እጅ ላይ ተፈልፍላ ያደገች ነው። ብርቅ ነች፣ ግን ትገኛለች።

የትም ቢያዩ እንዲህ ያድርጉ። በነጭ ሶፍት ጎኗን ጠረግ ያድርጉት፤ ሶፍቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ከተንቀሳቀሰ ቅንቅን አለባት። አፏ ዙሪያ አረፋ ካለ ይተዋት። ስትተነፍስ ፉጨት ካላት ሳንባዋ ታሟል። እርስዎ ፉጨቱን ስለማይሰሙ ጣትዎን ጉሮሮዋ ሥር ያድርጉ፤ ንዝረቱ ይነግርዎታል። የጀርባ አጥንቷ እንደ ጣሪያ ሾሎ ከወጣ ተርባለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንዎ እያየ ትብላ። ስትበላ ሳያዩ እንዳይገዙ።

አደራዎን ብቻዎን አይሂዱ። በሚቀጥለው ወር ኦፍ ሳገኝ መኪና ይዤ እመጣለሁ።

ልጅዎ ዘርትሁን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርትሁን፣

በይቅርታ ልጀምር። አልጠበቅኩህም።

ተናኘወርቅ ሦስት ቀን አኩርፋ በአራተኛው ፈቀደች። ያውም በቅድመ ሁኔታ ነው፤ «ዘንዶዋ አንድ ጊዜ ከሣጥኗ ብትወጣ ቤቱን ለሁለታችሁ ትቼ እሄዳለሁ» ብላ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። እባብ በሥዕል እንኳ አትወድም። የጸሎት ጓደኛዬ ከበቡሽ ደግሞ ዘፍጥረት ምዕራፍ ሦስትን ገልጣ አሳየችኝ። እኔም ምዕራፍ አንድን ገለጥኩላት፤ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ፈጥሮ መልካም እንደ ሆነ አየ ይላል። አሁን ስለ ሌላ ነገር ነው የምንጸልየው።

ማክሰኞ ዕለት ላስደንቅህ ብዬ በሜትሮ ከዚያም በአውቶቡስ የምትሠራበት መደብር ድረስ ሄድኩ። ለካስ የዕረፍት ቀንህ ነው። እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር ብዬ አምስት ትንንሽ ዘንዶዎች አስወጣሁ። እንዳልከኝ በሶፍት ጠረግኳቸው፤ የሦስቱ ሶፍት ላይ ነጥቦቹ ሮጡ። አራተኛዋን ጉሮሮዋን ብነካት እንደ ወፍጮ ትንቀጠቀጣለች። አምስተኛዋ ደህና ትመስል ነበርና «ስትበላ አሳዩኝ» አልኩ። ሁለት ሰዓት ቆምኩ፤ አልበላችም። እኔም አልገዛሁም።

የእኔን ነገር ሲያዩ የቆሙ ሁለት ደንበኞችም ሶፍት ጠይቀው የየራሳቸውን ጠረጉና ትተው ወጡ። ባለቤቱ መጥቶ «ይህን ማን አስተማረዎት?» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። እኔም በኩራት «ተማሪዬ ነው፣ ዘርትሁን ይባላል፣ እዚሁ እናንተ ጋ ነው የሚሠራው» አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እንዲህ ያለ አዋቂ ሠራተኛ እንዳለው ሲሰማ ደስ ብሎት መሰለኝ።

ብቻዬን ሄጄ፣ ብቻዬን መርምሬ፣ ብቻዬን «አይሆንም» ብዬ ተመለስኩ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ልጄ ያልፈረመችልኝ የመጀመሪያው ውሳኔዬ ነው።

የዓለምዘርፍ


አሌክሳንድሪያ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር፣

ጤና ይስጥልኝ። አምስቱንም አለመግዛትዎ ትክክል ነው። እኔም ብሆን አንዷንም አልወስድም ነበር።

ሥራዬም ደህና ነው፤ አያስቡ። ወደዚያ ስቶር ግን ከእንግዲህ ባይሄዱ ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ የሚሆን ነገር የላቸውም። ፕሮግራሜ ስለተለወጠ በሥራ ቀንም ሆነ ቅዳሜ ልወስድዎት እችላለሁ። ካሰችም ለለውጥ ያህል ሁለተኛ ሺፍት ጀምራለች። ሰላምታዬን አቅርብልኝ ብላለች።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። ውድብሪጅ የሚኖር ሚስተር ኮልማን የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አግኝቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ቦል ፓይተን ያረባል። ዘንድሮ ክረምት አራት ጫጩቶች ተፈልፍለውለታል። ኮል አድርጌው ነበር፤ እያንዳንዷ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሳትበላ ለማንም አልሰጥም አለኝ። እንዲህ የሚል ሻጭ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ወር ያህል እንጠብቅ።

እስከዚያው ቤቷን ያዘጋጁ። ክዳኑ የሚቆለፍ የመስታወት ሣጥን፣ ከአንድ ወገን ሥሩ የሚሞቅ፣ ከሌላው ወገን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ራሷ ትመርጣለች። ሰውነቷን ግጥም አድርጎ የሚይዝ መደበቂያ ያስፈልጋታል። ሰፊ መደበቂያ አይወዱም። ክዳኑን ደግሞ በጣትዎ ሳይሆን በክብደትዎ ይፈትሹት።

ዘርትሁን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዘርትሁን፣

እሑድ ዕለት የአብያተ ክርስቲያናቱ የጋራ ጉባኤ ላይ ካሰችን አገኘኋት። ሁለተኛ ሺፍት ለምን እንደጀመረች ጠየቅኳት። አንተ የጻፍክልኝ ስለመሰላት ደብተሬ ላይ ሳትሸሽግ ጻፈችልኝ። እኔ በሄድኩ ማግስት ነው ያባረሩህ።

ለምን ደበቅከኝ? «ፕሮግራሜ ተለወጠ» ትለኛለህ። አስተማሪህን ታታልላለህ?

ይህንን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። የተቆጣሁት በአንተ አይደለም። ልመካ ብዬ ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ። የሰውዬው ፊት ሲቀላ ማየት ችዬ ነበር፤ ደስታ ብዬ ተረጎምኩት። መስማት የተሳነው ሰው ማየቱን እንኳ በደንብ ማየት ነበረበት።

ካሰች ሌሊቱን ቆማ እየሠራች እኔ ዘንዶ ላማርጥ አልችልም። ለሽማግሌው ለሚስተር ኮልማን ደውልና አትመጣም በለው። ሣጥኑን ለተናኘወርቅ እሰጣታለሁ፤ አበባ ትትከልበት። ይቅር በለኝ።

የዓለምዘርፍ


አሌክሳንድሪያ፣ ኅዳር 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር፣

አልደውልም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የታመሙ እንስሳት ለሰው ሸጫለሁ። ሰዎቹ በሳምንታቸው እያለቀሱ ሲመለሱ «አያያዙን አላወቃችሁም» እንድል ታዝዤ ብያለሁ። ሶፍት ይዤ የምጠርገው ሰው ሳይኖር ነበር። እርስዎ በአንድ ቀን፣ በሰው ፊት ጠረጉት። የደበቅኩዎት ስለተባረርኩ አይደለም፤ ቀድሜ ባለመውጣቴ ስላፈርኩ ነው።

ካሰች «ቲቸር ዘንዶዋን ከተዉ ያን ጊዜ ነው የምቀየመው» ብላለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ ነኝ። ሶፍት ይያዙ።

ዘርትሁን


አሌክሳንድሪያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር፣

ማስታወሻዎ ደረሰኝ። «ሽማግሌው በሩ ላይ ይዞህ ምን አለህ? መኪና ውስጥ ለምን ዝም አልክ?» ብለዋል። እየነዳሁ መጻፍ ስለማልችል ነበር። አሁን ልንገርዎት።

አራቱን ጫጩቶች አንድ በአንድ ሲመረምሩ ሚስተር ኮልማን አጠገቤ ቆሞ በጆሮዬ ያወራ ነበር። የመጀመሪያዋ ሰውነቷን ወጥራ ስትነፋብዎት እጅዎን ባለማሸሽዎ ተደነቀ። የሁለተኛዋን የታጠፈ ጅራት እኔ አላየሁትም፤ እርስዎ አዩት። ሦስተኛዋን፣ ያቺን ወርቅማዋን ውብ ሲያነሱ «አሁን ይቺን ትወስዳለች፤ ሁሉም ይቺን ነው የሚፈልገው» አለኝ። እርስዎ ግን የምግብ መዝገቧን ገልጠው ከአምስቱ ምግብ ሁለቱን መልሳ እንደተፋች አነበቡና በቀስታ መለሷት።

አራተኛዋን፣ ጥቁር ቡናማዋን፣ ማንም ያልጠየቃትን፣ እጅዎ ላይ ሲያደርጓት ወዲያው ኳስ ሆነች። እርስዎም ቆሙ። ሽማግሌው ወንበር ሊያመጣልዎት ሲል ክንዱን ያዝኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። ከዚያ አፍንጫዋ ብቅ አለ፣ ምላሷ ወጣች፣ አውራ ጣትዎን ነካችው። እርስዎ ደግሞ ሳይታወቅዎት ነው መሰለኝ፣ በትልቅ ድምፅ፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ፣ «በምላሷ ነው የምታሸተው! የያኮብሰን ኦርጋን!» አሉ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት ለዚያ ነው።

በሩ ላይ ያለኝ ይህ ነው። «ሃያ ዓመት እባብ ሳረባ የእናቲቱን ክብደት የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ገዢ ናት። አንተ ነህ ያስተማርካት?» አለኝ። «አይደለም፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ» አልኩት። እሱም «ዓይኔ እየደከመ ነው። ከሰኞ ጀምሮ መጥተህ አብረኸኝ ትሠራለህ?» አለኝ።

ሰኞ ጀምሬያለሁ። ካሰችም ሁለተኛ ሺፍቱን ትታዋለች።

ስሟን ማን አሏት?

ዘርትሁን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የካቲት 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርትሁን፣

በላች!

ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ዘጠኝ ሳምንት ጾማ፣ ዳማ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በላች። በየደብዳቤህ «የብርድ ወቅት ነው፣ ይጾማሉ፣ ይመዝኗት እንጂ አይነካኳት» እያልክ ባታጸናኝ ኖሮ አፏን ከፍቼ ላጎርሳት ነበር። በየእሑዱ መዘንኳት፤ ከሰውነቷ ይህ ነው የሚባል አልቀነሰም። ያም ሆኖ ልቤ ቀንሶ ነበር። ተናኘወርቅም በበሩ ላይ ቆማ በጣቷ «ሞተች?» እያለች በምልክት ትጠይቀኝ ጀምራ ነበር። በየቀኑ መጠየቋን ልብ ብያለሁ። ከበሩ ግን አታልፍም።

የቀዘቀዘችውን አይጥ እንዳልከኝ በሙቅ ውሃ አሙቄ በመቆንጠጫ አቀረብኩላት። አየቻት። እኔም ግድግዳ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተወርውራ ያዘቻት፤ ጠመዘዘቻት። ያ በጠመኔ የሣልኩት መንጋጋ ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ ሲራመድ በዓይኔ አየሁት። ለካስ ትክክል ነበር የሣልኩት።

ሚስተር ኮልማን ያለበት የእባብ አርቢዎች ማኅበር በሰኔ ንግግር እንዳደርግ የላከልኝን ግብዣ በተመለከተ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ስልሳ ሰው ፊት በእንግሊዝኛ መናገሩን እችላለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ አለ። እኔ ጥያቄ አልሰማም። ሰው እጁን አውጥቶ ሲያወራ ፈገግ እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ መታየት አልፈልግም።

የዓለምዘርፍ


ውድብሪጅ፣ የካቲት 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር፣

ጥያቄውን በወረቀት ይጻፉልዎታ። በጽሑፍ ደንቆሮ እንዳልሆኑ ለሚስተር ኮልማን ነግሬዋለሁ፤ እሱም ባርኔጣውን ለወረቀት መሰብሰቢያ እሰጣለሁ ብሏል። ስምዎን ፕሮግራሙ ላይ አትመውታል። ይቅርታ፤ ሳላስፈቅድ ነው።

ዘርትሁን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርትሁን፣

የሚስተር ኮልማን የዘንዶ እንቁላሎች ንግግር በማደርግበት ቅዳሜ መፈልፈል በመጀመራቸው ልትመጣ አለመቻልህን አልተቀየምኩም። ስድስቱም በሰላም መውጣታቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንተ ሳትኖር እንዴት ሆነ ላልከኝ፣ እነሆ።

የአሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሞልቶ ሰው በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ርእሴን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «የመጀመሪያዋን ዘንዶ እንዴት እንመርጣለን?» የሚል ነው። የመጀመሪያዋን ቃል ሁለቴ አጥፍቼ ጻፍኳት። ከዚያ ጠመኔው መንገዱን አወቀ። መንጋጋዋን ሣልኩ፣ ሳንባዋን ሣልኩ፣ ሶፍቱን አወጣሁ። የተሸጠላችሁን ሳይሆን የመረመራችሁትን ግዙ፤ ቆንጆዋን ሳይሆን የምትበላዋን ውሰዱ፤ በዱር ያለችውን እዚያው ተዉአት አልኳቸው። አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ማንም ሲያዛጋ አላየሁም፤ ማዛጋትን ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት አድኜዋለሁ።

ከዚያ ባርኔጣው ዞረ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ መለስኩ። «ይነክሳል?» ለሚለው፣ ጫጩት ሳለች ሁለቴ ነክሳኛለች፤ ልጆቼ ከዚያ በላይ ነክሰውኛል አልኩ። ሳቁ፤ ሳቅ እኮ በዓይን ይታያል። አንዱ «ዘንዶዬ ትወደኛለች ወይ?» ብሎ ጽፏል። «ታምንህ ይሆናል እንጂ አትወድህም። መታመን ግን ቀላል ነገር አይደለም» አልኩት።

የመጨረሻውን ወረቀት ሳነሳ በአማርኛ ነው የተጻፈው። ተናኘወርቅ ከሥራ በቀጥታ አምጥታኝ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብላኝ ነበር። ወረቀቱ «እማዬ፣ እኔስ ልይዛት እችላለሁ?» ይላል።

ቀና ብዬ አየሁ። የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላውቅም። ጥያቄውን ለሰው አላነበብኩትም። «ነይ» አልኳት፣ በአማርኛ፣ በትልቁ ድምፄ።

በወንበሮቹ መሃል መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አልቆመችም። ሁለት እጆቿን እንደ ጽዋ አስይዤ ዳማን አኖርኩላት። ዳማ ኳስ ሆነች። ልጄም ኳስ ሆነች ማለት ይቻላል፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ ዓይኗን ጨፍናለች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔም ከሥር እጆቿን በእጆቼ ደገፍኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፤ ዳማ ተፈታች። አንገቷን አወጣች፣ የልጄን የእጅ አንጓ ዞራ በክንዷ ላይ ወጣች። ተናኘወርቅ ዓይኗን ገለጠች። አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም፣ እጇ ተይዟላ።

ሚስተር ኮልማን ቆሞ ሲያጨበጭብ ሌላውም ተነሳ። ጭብጨባው በወለሉ በኩል ወደ እግሬ መጣ።

ማኅበሩ በየሦስት ወሩ እንዳስተምር ጠይቆኛል። እሺ ብያለሁ፤ ወረቀቱን ራሴ ፈርሜያለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ተናኘወርቅ ሀይዌዩን ትታ በከተማው መሃል ገባች። መጀመሪያ መንገድ የሳተች መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ከባርኔጣው የተረፉትን ወረቀቶች ከቦርሳዬ አወጣች፤ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ጻፈችና ሰጠችኝ። መለስኩላት። የሚቀጥለው መብራት ላይ ሌላ ጻፈች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ አባቷ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልነገረችኝ ነገር። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ቀይ መብራት እንዳለ ታውቃለህ? እኛ ቤት ሳንደርስ ወረቀቱ አለቀብን።

የዓለምዘርፍ